የዓፊያ ቅልና የሚስራ አምሮት

ከሚሴ ቀትር ላይ ሁሉም ነገር ያንቀላፋል። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና ሲያልፍ እንኳ ድምፁ ከሌላ አገር የሚመጣ ይመስላል። እኔም ሱቄ ደጃፍ ላይ አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ በሌላው ሰፈሩን አያለሁ። "ሀዲጃ ተኝታም ታያለች" ይሉኛል። ይበሉ። የዚህን ሰፈር ጉድ ሁለቱንም ዓይን ገልጦ ማን ይችለዋል?

ፊት ለፊቴ ያለችው ዓፊያ ናት፤ እርጎ ሻጭ። ጨፋ ሜዳ ላይ፣ ቦርከና ዳር፣ ከብት መሀል ነው የተወለደችው። ባሏ ሲሞትባት አንድ ልጇን ሚስራን ይዛ ከተማ ገባች። ላሞቹ እዚያው ቀሩ፣ የእናቷ ቅል ግን አብሯት መጣ። ጠዋት ወተት ከጨፋ ይመጣላታል። ቅሏን በወይራ ጭስ ታጥናለች፣ ወተቱን ትገለብጥበታለች፣ አፉን ትከድንና ትተወዋለች። ሥራዋ ይኸው መተው ነው። "ወተት አይቸኩሉበትም ሀዲጃ፣ ሲተዉት ነው የሚያምርበት" ትለኛለች። ወላሂ፣ እርጎዋን የቀመሰ ሌላ እርጎ አያምረውም።

ቅሉን አቅፋ ደጃፏ ላይ ካለው ጥላ ሥር ስታሸልብ ሁልጊዜ አንድ ሕልም ታያለች። የጨፋ ሜዳ በወተት ተጥለቅልቆ፣ ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ወተት ውስጥ ቆመው፣ ከማዶ አንዲት ትንሽ ልጅ ትጠራታለች። "ነይ ስላት አትመጣም" ትለኛለች፣ ገና ከእንቅልፏ ሳትለይ። የልጅቷን ማንነት ሁለታችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥተን አናወራውም እንጂ። ሚስራ ባጃጅ ነጂውን ካሚልን ካገባች ወዲህ እየፀነሰች ይወርድባት ነበር።

ዘንድሮ ግን ያዘ። ሆዷ ገፋ፣ ፊቷ ጠራ። ዓፊያ ልጇን በዓይኗ ስትከተል አላህን የምትለምን እንጂ ሰው የምታይ አትመስልም ነበር።

አንድ ቀን ካሚል ሚስቱን ኮምቦልቻ ወሰዳትና ምግብ ቤት ገብተው ችብስ በሉ። ከጎኑ ማዮኔዝ ነበረበት። ከዚያች ቀን ወዲያ ሌላ ነገር የለም፣ ማዮኔዝ ብቻ። እኛ ዘንድ እርጉዝ አማረኝ ካለች አትከለከልም። የተከለከለችው ነገር በልጁ ገላ ላይ ምልክት ሆኖ ይወጣል ይባላል። ካሚልም አንድ ብልቃጥ አመጣላት፣ ያለ ዳቦ በማንኪያ ጨረሰችው። "ልጄ፣ ይኼ እኮ ዘይት ነው" አልኳት። እኔን ሐኪም ለግፊትሽ እንዲህ ያለውን ቅባት አትድረሺበት ብሎኛል። "እኔ ግፊት የለብኝም እትዬ ሀዲጃ" ብላ ሳቀችብኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ብልቃጡ አለቀ፣ አምሮቱ አላለቀም። ሱቆቻችን ውስጥ ዕቃው የለም። ያኔ ዓፊያ ተነሳች። "የልጄን አምሮት ፋብሪካ ከሚሠራላት እኔ ብሠራላት ምን አለበት" አለችና አሠራሩን ሚስራ ራሷ ከስልኳ ላይ አነበበችላት። ጥሬ እንቁላል፣ ዘይት፣ ሎሚ። ዓፊያ ቢስሚላህ ብላ መታችው፣ መታችው፣ ነጭና ወፍራም ሆኖ ወጣ። በጣቷ ቀመሰችው።

"ጥሩ ነው፤ ግን ገና አልደረሰም" አለች።

ከዚያ ያደረገችውን ከከብት አገር የመጣች ሴት ብቻ ናት የምታደርገው። ቅሏን በወይራ አጠነች፣ ማዮኔዙን ገለበጠችበት፣ ከደነችውና ሙቀት ላይ ተወችው፣ እንደ ወተት እንዲደርስ። ማንም ምን እያደረግሽ ነው አላላትም። እዚህ አገር ነጭ ነገር ሁሉ የሚያድገው እንዲህ ነው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ቅሉ ተከፈተ። የወይራው ሽታ እኔ ድረስ መጣ። ሚስራ በዳቦ አጥቅሳ ጎረሰችና ዓይኗን ጨፈነች። "እማ፣ የኮምቦልቻው ከዚህ ጋር አይወዳደርም" አለች። ዓፊያ አገጯን በእጇ ደግፋ ልጇ ስትበላ አየቻት። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፣ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው።

በነጋታው ጠዋት ሚስራ ታስመልሳለች፣ ያስቀምጣታል፣ ገላዋ እሳት ነው። ካሚል ባጃጁን አስነሳ፣ ከኋላ እኔና ዓፊያ ሚስራን መሀል አድርገን ተቀመጥን። ዓፊያ ቅሉን ይዛ ነበር። "ሲሻላት ትፈልገው ይሆናል" አለች። ሲጨንቃት ኦሮምኛዋ ይቀድማል፣ "ኢንተለ ቲያ፣ ልጄ፣ አብሽሪ" እያለች የልጇን ጸጉር ትዳስሳለች። መንገዱ በሙቀት ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ባጃጁ ውሃ ላይ የሚሄድ መሰለኝ።

ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ ሲስተር ቶይባ ትባላለች። ሚስራን አስተኝታ ግሉኮስ ሰካችላትና ምን እንደበላች ጠየቀች። ዓፊያ ቅሉን አቀበለቻት። ቶይባ አሸተተችው።

"እንቁላሉ ጥሬ ነው?"

"ጥሬ ነው።"

"ፍሪጅ ውስጥ ነበር?"

"ኧረ አጥኜ ሙቀት ላይ ነው የተውኩት፣ እንዲደርስ።"

ቶይባ አልተቆጣችም። "እናቴ፣ ጥሬ እንቁላል ወተት አይደለም፣ ሲተዉት አይደርስም። ሙቀት ላይ ሲያድር ጀርም ይራባበታል። ጤነኛውን ሰው ያስቀምጠዋል፣ እርጉዟን ግን ከነልጇ ነው የሚይዛት። የፋብሪካው ጀርሙ ተገድሎ ነው የሚታሸገው፣ እሱም ከተከፈተ ፍሪጅ ይፈልጋል" አለቻት። ቆየት ብላም "ወተቱንም ሳታፈሉ አትስጧት። በሱ ሌላ ቀን እንጣላለን" አለች።

ሚስራ ከአልጋው ላይ "እማ፣ ልጄ አይንቀሳቀስም" አለች።

ዓፊያ መሬት ላይ ተቀመጠች። "በእጄ ነው የሠራሁላት" አለችኝ። እኔም ጎኗ ቁጭ ብዬ ትከሻዋን ያዝኩ። ቶይባ የፅንስ ልብ ማዳመጫውን ሚስራ ሆድ ላይ እያንሸራተተች ትፈልጋለች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የመሣሪያው ሹክሹክታ ብቻ ነበር፣ ነፋስ በሣር ውስጥ ሲያልፍ እንደሚሰማው ያለ። ያ ነፋስ እድሜ ልኬን የሚነፍስ መሰለኝ። ከዚያ ከውስጡ ትንሽ፣ ፈጣን ምት ተሰማ።

"ይኸው" አለች ቶይባ።

ካሚል ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ዓፊያ ግን ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር፣ አንድ ሰው ከሩቅ እንደሚጠራት ሁሉ።

ሚስራ ዳነች። ትንሽ ሰንብታ ግን አምሮቷ ተመለሰ። ካሚል ከኮምቦልቻ የታሸገውን አመጣላት፣ ቀምሳ ገፋችው። "የጭሱን ነው የሚያምረኝ። የቅሉን። እማ፣ በጣት ብቻ" እያለች እንደ ሕፃን ታለቅሳለች። ዓፊያ ልጇን በሕይወቷ ምንም ከልክላት አታውቅም።

"የለም" አለቻት።

ሰፈሩ አንድ ወሬ አገኘ። "እናት እንዴት አምሮት ትከለክላለች" አሉ። ሚስራ አኮረፈቻት፣ እርጎ ስትልክላት በመጣበት ትመልሳለች። ዓፊያ ጥላዋ ሥር ቁጭ ብላ ቅሏን ታጥናለች፣ እንባዋን ጭሱ ላይ ታሳብባለች። "ሂጂና ታረቂያት" ብላት "ትጥላኝ፣ ብቻ በሕይወት ቁጭ ብላ ትጥላኝ" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ሴት ልጅ ተወለደች። ዓዲላ ተባለች። ሴቶቹ ሕፃኗን ሲያገላብጡ ትከሻዋ ላይ አውራ ጣት የምታህል ነጣ ያለች ምልክት አገኙ። አንዷ ቀስ ብላ "ይኸው፣ ተከልክላ ነው" አለች። ሚስራ እናቷን አየች፣ ሁላችንም ዓፊያን አየን።

ዓፊያ ጎንበስ ብላ ምልክቷን ሳመቻት።

"አዎ፣ እኔ ነኝ የከለከልኳት" አለች። "ምልክት የሚወጣበት ገላ ሰጠኝ፣ አልሀምዱሊላህ።"

ሚስራ ከመኝታዋ እጇን ዘረጋችና የእናቷን ነጠላ ጫፍ ያዘች። እስክትተኛ ድረስ አልለቀቀችውም።

አሁን ቀትር ላይ ዓፊያ ጥላዋ ሥር የምታቅፈው ቅሉን አይደለም፣ ዓዲላን ነው። ቅሉ ጎኗ ተከድኖ ተቀምጧል፣ ወተት ብቻ ይገባበታል፣ ያውም ተፈልቶ። ትናንት ሁለቱም ሲያሸልቡ ጠጋ ብዬ "ያች የማዶዋ ልጅ ዛሬም ትጠራሻለች?" አልኳት።

"ተሻገረች" አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።