የሽመል ጭልፊት

ባለፈው ጥቅምት ግሪሳ ወፍ ማሽላው ላይ ወረደና የመርጫ አውሮፕላን ተላከልን። የከተማችን የገንዳ ውሃ ሰው ሥራውን ጥሎ ሜዳ ወጣ። ጎረቤቶቼም «እማማ ዘርፌ፣ ይውጡ እንጂ፣ ይዩት» እያሉ ከደጅ ጠሩኝ። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ቁጭ አልኩ። አውሮፕላኑ በቆርቆሮዬ ላይ ሲያልፍ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው ከማሳው በኩል ግሪሳው አንድ ላይ ብድግ ሲል ሰማሁት። አቡጀዲ ሲቀደድ ያለ ድምፅ ነው። ያን ድምፅ ለማወቅ ማየት አያሻኝም።

ሰባን ከተሻገርኩ ቆይቻለሁ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የማንን ሠርግ እንደበላሁ፣ ማን ቀድሞኝ እንደሞተ ይምታታብኛል። ይህን ግን አልረሳሁም። ሰው ትዝታ ጣፋጭ ነው ሲል እሰማለሁ። የእኔን ይቅመሰውና ያውራኝ።

ያን ጊዜ መተማን የያዘው ጣሊያን ነበር። ከኮሩ ወዲያ፣ በሱዳኗ ገላባት ላይ የእንግሊዝ ባንዲራ፣ ከኮሩ ወዲህ የጣሊያን ባንዲራ ይውለበለባል። ኮር የምንለው በበጋ አሸዋ፣ በክረምት ሰው የሚወስድ ወንዝ ነው። እኛ ከከተማው ወጣ ብለን፣ አባቴ ከደጋ ወርዶ ባቀናው ማሳ ላይ እንኖር ነበር። ማሽላ ዘርተን ማሽላ እንበላለን፤ ሌላ የለንም። ንዳድ ካልጣለን፣ ወፍ ካልቀደመን፣ ዓመቱን እንዘልቃለን።

ወፍ የሚጠበቀው ማማ ላይ ተወጥቶ ነው። ወንጭፍ አለ፣ ጩኸት አለ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጅራፍ ነው። ጎህ ሲቀድ ከየማማው ጅራፍ ሲጮህ አገሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ግሪሳም የሚፈራው እሱን ነው። በዚያ ዓመት ግን ጣሊያኖቹ ጅራፍ ከለከሉ። ድምፁ ተኩስ እየመሰላቸው ጠዋት ጠዋት ከካምፓቸው በባዶ እግራቸው ሲሮጡ ይወጡ ነበር አሉ። በስተኋላ «ጅራፍ ያጮኸ እንደ ሽፍታ ይቆጠራል» ተብሎ በገበያ ተለፈፈ። እኛም ቤታችን ገብተን ሳቅን። ሳቃችን ብዙ አልቆየም። እሸቱ ወተት ሲቋጥር ግሪሳው መጣ፤ ለግሪሳ ደግሞ ወንጭፍ ምን ያደርጋል? አንዷን ስትመታ ሺዋ ትበላለች።

ታላቅ ወንድሜ ይርጋ የጣሊያን አውሮፕላን ማረፊያ ሣር እንዲያጭድ ተገዶ በጋውን እዚያ ከርሞ ነበር። አንድ መካኒክ ለመጫወቻው የሠራው ሞተር የሌለው የጨርቅ አውሮፕላን ነበረው። በገመድ ተጎትቶ ይነሣና ገመዱን ጥሎ በንፋስ ብቻ ይንሳፈፋል። ይርጋ ጭራውን እየያዘለት ሲገጣጥመው አይቷል። ይርጋ ደግሞ አንድ ነገር ካየ አለቀ፤ ሌሊቱን አይተኛም።

«ወፍ ጭልፊት ይፈራል» አለኝ አንድ ቀን ማማው ላይ ጥንቅሽ እያኘክን። «ትልቅ ጭልፊት ብንሠራስ?»

«አብደሃል ወንድም ዓለም» አልኩት።

«ጅራፍ እንጂ ጭልፊት አልተከለከለም» ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ሽመል፣ ያን የቆላ ቀርከሃ፣ ሲቆርጥ አገኘሁት።

ሽመሉን አባታችን ሰነጠቀው፤ እሱ ሽመል ሲሰነጥቅ ቢላው አይስትም። ይርጋ ስንጥሩን እሳት ላይ እያሞቀ አጎበጠውና የክንፉን አጥንት አበጀ። መጋጠሚያውን በበሬ ጅማት አሰርነው፤ ጅማት ሲደርቅ ይጠብቃል። ቀሪው ጨርቅ ነው። ጨርቅ ከየት ይምጣ? እናታችን ወደ ጓዳ ገባችና ለመግነዟ ያስቀመጠችውን አቡጀዲ አውጥታ እግራችን ሥር ጣለችው። «ከራበኝ ወዲያ መግነዝ ምን ያደርግልኛል» አለች። እኔ በመርፌ ሰፋሁት። የግራር ሙጫ በሙቅ ውሃ ፈትተን፣ ከሰል ደቁሰን ጨምረን ቀባነው፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ተወጠረ። የእናቴን ፊት ሳላይ ነበር የቀባሁት።

ክንፉ ሁለት ሰው ራስና እግሩን ገጥሞ ቢተኛበት የሚያንስ አልነበረም። በአንድ አካል ከቤታችን በር አይወጣም፤ ስለዚህ ይርጋ ሁለት አድርጎ ሠራው። ሜዳ ላይ ስንወጣ ግራና ቀኙን በሆዱ ውስጥ በሚያልፍ ወፍራም ሽመል ላይ እናጠልቅና በጠፍር እናስረዋለን። አንዱ ክንፍ ከአንዱ ከፍ ያለ እንዳይሆን ይርጋ ከኋላ ተንበርክኮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ከፍ፣ ዝቅ፣ በቃ» ይለኛል። በዚያ ሙቀት፣ ዋልካው ገና ረጥቦ እግራችን ላይ እየተለጠፈ፣ እንደዚያ ስንጣላና ስንሳሳቅ መዋላችን አሁንም ይታየኛል። ደስ ብሎኝ ነበር። ይኸን መናገሩ ያቃጥለኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

አስቸጋሪው ሚዛኑ ነው። ከክንፉ ሥር፣ ወደ ፊት ጠርዙ ቀረብ አድርገን፣ እኔ በአንድ ጣቴ በግራ፣ እሱ በአንድ ጣቱ በቀኝ እናነሣዋለን። አፍንጫው ጥቂት ወደ ታች ዘንበል ማለት አለበት፤ ጭራው ከወረደ ሰማይ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰብሮ ይወድቃል። የእኛ ጭልፊት ጭራው ወረደ። ይርጋ የእውነተኛውን ጭልፊት ጭራ አስመስላለሁ ብሎ ሲበዛ አግዝፎታል። መንቁሩን በጭቃ ሞላነው፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ረገፈ። ድንጋይ ጨመርን፤ ጥቂት ጎደለው፣ ሌላ ድንጋይ ደግሞ አይገባለትም። ይርጋ ጭራውን ሊቆርጥ ቢላ አነሣ።

በዚህ መሀል ባሻ አድማሱ በበቅሎ መጡ። ባሻ የሰፈሩ ጭቃ ሹም ናቸው፤ ጣሊያንም ገብቶ በሹመታቸው አጽንቷቸዋል። አባቴ ከደጋ ሲወርድ መሬቱን ያሳዩት እሳቸው ስለሆኑ ቤታችን ውስጥ ስማቸው የሚነሣው በምርቃት ነበር። ማሳቸው ከማሳችን በአንዲት ቦይ ብቻ ይለያል። መጀመሪያ በበቅሏቸው ላይ ሆነው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቀጥሎ ወረዱ። ትንሽ ቆይተው ክንፉን በአንድ ጣታቸው ይዘው «ቆይ፣ ቆይ፣ ወደ ፊት ነው የጎደለው» ይሉ ጀመር።

«ትንሽ ሆኖ የሚከብድ ነገር ነው የቸገረን ባሻ» አላቸው ይርጋ።

ባሻም ዝናራቸውን ዳብሰው አንዲት ጥይት ከነቀለሃዋ መዘዙና መዳፉ ላይ አኖሩለት። «ይቺ ትበቃዋለች።»

አባቴ ደነገጠ። «ባሻ፣ ጥይት እኮ ነገር አለው። ቤታችን ጥይት ቢገኝ…»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» አሉ ባሻ። «እኔ እያለሁ ማን ይነካችኋል?»

ይርጋ ጥይቷን በሰም ጠቅልሎ መንቁሩ ውስጥ አስገባትና በሙጫ ደፈነው። በሁለት ጣት አነሣነው። አፍንጫው ቀስ ብሎ፣ ለሰላምታ ጎንበስ እንደሚል ሽማግሌ፣ ዘንበል አለና ቆመ። አባቴ ሳይቀር አጨበጨበ።

በማግስቱ ንፋሱ ጥሩ ነበር። የማን ማሳ ይቅደም የሚል ጥያቄ እንኳ አልተነሣም። እኛ አገር ሹም እያለ ለራስ ማስቀደም ነውር ነው፤ የሹም ዶሮ ናት እሽ አትበሏት ሲባል ያደግን ሰዎች ነን። ጭልፊቱን ተሸክመን የባሻ ማሳ ዳር ሄድን። እኔ ከሆዱ ይዤ ከራሴ በላይ አነሣሁት፤ ይርጋ ገመዱን ይዞ ወደ ንፋሱ ሮጠ። ከእጄ ሲወጣ ተሰማኝ፤ ከብዶኝ የነበረው ነገር ድንገት ክብደት አልነበረውም። ወጣ፣ ወጣ፣ ገመዱን ጣለ። ጥላው ማሽላው ላይ ሲሄድ ግሪሳው በአንድ ድምፅ ተነሣ። ሰማዩ ጠቆረ። ባሻ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ።

ግሪሳው ዞረና ከቦይዋ ማዶ፣ የእኛ ማሽላ ላይ ወረደ።

«ነገ ደግሞ የእናንተን» አሉ ባሻ እየሳቁ። እኛም ሳቅን።

ጭልፊቱ ግን አልወረደም። ሞቃቱ ንፋስ ተሸክሞት ማሳውን አለፈ፣ ጫካውን አለፈ፣ ጣሊያኖቹ የሚጠብቁት መንገድ ዳር ሄዶ አረፈ። ይርጋ ሊያመጣው ሲሮጥ አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ ቀድመውት ደረሱ። ጥቂት ቆይተው እሱን እጁን አስረው፣ ጭልፊቱን ተሸክመው፣ ከአንድ የጣሊያን መኮንንና ከአስተርጓሚ ጋር ወደ ቆምንበት መጡ። ከሱዳን በኩል ለሽፍታ የተላከ ምልክት ነው ይላሉ።

«የወፍ ማስፈራሪያ ነው» አለ አባቴ። ባሻም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «የወፍ ነው፣ የልጅ ሥራ ነው» አሉ። መኮንኑም ግንባሩ ፈታ ያለ መሰለኝ። ክንፉን አገላብጦ አየ፤ እንዲያውም ፈገግ አለ። ከዚያ በጫማው መንቁሩን ረገጠው። ሰሙ ተፈረከሰና ጥይቷ ዋልካው ላይ ወደቀች።

አስተርጓሚው ጥይቷን አንሥቶ «ይህን ማን ሰጠህ?» አለው።

ይርጋ ቀና ብሎ ባሻን አየ። እንዲናገሩ እየጠበቃቸው ነበር፤ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበረው፣ የፈራ ሰው አይደለም። አባቴም አያቸው። እኔም አየኋቸው።

ባሻ ጢማቸውን ዳበሱ። ጣሊያን ጥይታቸውን እየቆጠረ ይሰጣቸው፣ እየቆጠረ ይቀበላቸው ነበር፤ ይህን ኋላ ነው የሰማነው። «እኔ ከየት እንዳመጣት የማውቀው የለኝም» አሉ።

ከዚህ ወዲያ አንቱ አልለውም። በፊቱ ግን እስኪሞት ድረስ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ።

«ባሻ ናቸው የሰጡት!» ብዬ ጮኽኩ። አስተርጓሚው ወደ ባሻ ዞረ። ባሻ «የሴት ልጅ ወሬ ነው» አለው። አስተርጓሚው ለመኮንኑ አንድ አጭር ነገር ነገረው፤ ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ተይ ዘርፌ» አለኝ ይርጋ። ሲጎትቱት ዞር ብሎ «ነገ በጠዋት ማማው ላይ ውጡ፤ ግሪሳው የኛ ላይ ነው» አለ። የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነው፤ ስለ ማሽላ።

በካሚዮን ወደ ጎንደር ወሰዱት አሉ። አባቴ ስንቅ አንጠልጥሎ በእግሩ ሄደ፣ ከእስር ቤት እስር ቤት ዞረ፣ ስንቁን እንደያዘ ተመለሰ። ወሬ የነገረን የለም። ሬሳም አላየንም። ጭልፊቱን ያን ዕለት ሲመለሱ መንገድ ዳር አቃጠሉት። ሽመል ሲቃጠል ይተኩሳል፤ እናቴ ድምፁን ሰምታ ልጇን የገደሉት መስሏት ወደቀች። ከዓመታት በኋላ ስትሞት የተገነዘችው በሰው ነጠላ ነው።

ማማው ላይስ ወጣን። ወጥተን ጮኽን፤ ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኽን። ግሪሳው፣ ከባሻ ማሳ የተባረረውም ተጨምሮበት፣ የእኛን ባዶ አገዳ አድርጎ ሄደ። የባሻ ማሽላ አንገቱን ደፍቶ፣ ፍሬው ቀልቶ፣ ከቦይዋ ማዶ ቆሞ ነበር። አውድማውን ሲወቃ ዘፈኑ ቤታችን ድረስ ይሰማል።

ከዚያ ባሻ እህል ላከልን። አገልጋዩ አንድ ትልቅ ስልቻ ማሽላ ደጃችን አውርዶ «ባሻ፣ ለጎረቤቴ ብለዋል» አለ። አባቴ «መልሱት» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እናቴ ስልቻውን ብዙ አየችው። ቤት ውስጥ እህል ካየን ሰንብተናል፤ የጫካ ሥራሥር ነበር የምንቀቅለው።

«ልጄን በልቶ፣ እህሉንም ልመልስለት?» አለች።

ፈጨችው። ገንፎ አገነፋች። አባቴ አልቀመሰም፤ ኋላ ግን እሱም ቀመሰ። እኔ በላሁ። እንባ አላነቀኝም፣ አልመረረኝም። ጣፈጠኝ። ሳህኑን በጣቴ ጠርጌ ጨምሪልኝ አልኳት፤ እናቴም ጨመረችልኝ።

ጣሊያን ሲወጣ ባሻ አርበኛ ነበርኩ አለ፤ ማን ይከራከረው? ሠርግ ላይ ጠጅ ሲቀምስ የይርጋን ጭልፊት ያወራ ነበር። «እንደ ልጄ የማየው፣ ብልህ ልጅ ነበር፣ ጣሊያን በላብኝ» ይላል፤ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። ጥይቷ ወሬው ውስጥ የለችም። እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ፤ ለማን ልናገር? አርጅቶ፣ በልጅ በልጅ ልጅ ተከቦ፣ አልጋው ላይ ሞተ። ለቅሶውም ላይ ለወጉ ተቀምጫለሁ።

ሰው እኔን የሚያቃጥለኝ የይርጋ መቅረት ብቻ ይመስለዋል። እሱ ሐዘን ነው፤ ሐዘንማ ማን ቤት የለም? እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ገንፎ ነው። ርሃብ ወንድም አያውቅም ይሉኛል፤ ይበሉ። እኔ ግን አፌ ውስጥ የቀረውን ጣዕም አውቀዋለሁ።

አውሮፕላኑ ሄዶ ሰው ሲመለስ የጎረቤቴ ልጅ በትሪ የተጠበሰ የማሽላ እሸት ይዛልኝ መጣች። «ማሽላው ተረፈ እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎ» አለችኝ።

«ከማን ማሳ ነው?» አልኳት።

«ከባሻ የልጅ ልጅ። ለእማማ ዘርፌ ስጪያቸው ብሎኝ ነው።»

«አስቀምጪው» አልኳት። እስክትወጣ ጠበቅሁ። ትኩስ ነበር። ጥርስ የለኝምና በድዴ እያሸሁ፣ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በላሁት።