አያቴ በኩታበር መንገድ

በረሃቡ ዓመት ከአጅባር ወደ ደሴ በእግር ስንሰደድ፣ አያቴ ባረፍንበት ሁሉ እኔንና እናቴን እግራችንን ያስዘረጉን ነበር። ጣቶቻችንን ቀስ አድርገው ወደ እኛ ይገፉና ባታችንን በመዳፋቸው ያሹታል።

አንድ መንገደኛ፣ "አባባ፣ ሰው እያለቀ እርስዎ እግር ያሻሉ?" አላቸው።

"ነገም እንሄዳለን። እግራቸው ተሳስሮ እንዲቀሩብኝ አልፈልግም። አንተም ና፣ ቁጭ በል።"

ሰውየው ተቀምጦ እግሩን ዘረጋላቸው።

ኩታበር ስንደርስ አያቴ ካረፉበት አልተነሱም። እናቴ ሰዎች መጥተው እጇን እስኪይዟት ድረስ ባታቸውን ስታሽ ዋለች። እኔ አላለቀስኩም።

አብዮቱ መጥቶ፣ አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለባለርስት ያረሱት መሬት ለእኛ ሲሰጠን ወደ አጅባር ተመለስን። ጎረቤቱ እልል ሲል ምንም አልተሰማኝም። መደቡ ላይ በበሩ በኩል ያለው የአያቴ ቦታ እንደተዉት ነው፤ እንግዳ ቢመጣም እናቴ አታስቀምጥበትም።