ለሰው የተሰጠብኝ አጠባ

በልጅነቴ አንድ በደል ተፈጽሞብኛል። መሬት አልቀሙኝም፣ ዱላም አላሳረፉብኝም። ልብስ ማጠብ ነው የከለከሉኝ። ይህን ስናገር ልጆቼ ይስቃሉ። «እማዬ፣ ከሥራ ማረፍ ደግሞ በደል ሆነ?» ይሉኛል። ስለሚስቁ ነው ልጽፈው የተነሣሁት። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ሽበት ካወጣ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነውና ጽሕፈቴ አያምርም። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ እኔም ደክሞኛል፣ ሳልጽፈው መሞት አልፈልግም።

ነገሩን ያስነሣችብኝ የልጅ ልጄ ሕይወት ናት። ፍኖተ ሰላም ቢሮ ትሠራለች፤ የምኖረውም ከእሷ ጋር ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወረቀት አውጥታ የቤቱን ሥራ ትጽፍ ጀመር። ወለል መወልወል፣ ልብስ ማጠብ፣ ዕቃ ማጠብ፣ መስኮት፣ ሽንት ቤት። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች የምታግዛት ሴት አግኝታለች። የትኛውን ለሴትየዋ እንደምትሰጥ፣ የትኛውን ለራሷ እንደምትይዝ ነው ጭንቀቷ።

«እማማ፣ ልብሱን ልስጣት መሰለኝ። ወገቤን የሚቆርጠኝ እሱ ነው።»

«ሽንት ቤቱስ?»

«እሱንማ ለሰው መስጠት አፍራለሁ። ራሴ እይዘዋለሁ።»

ጎበዝ ልጅ ናት፤ የራሷን ሥራ ነው ያከፋፈለችው። እኔ ግን የዚያ ዘመን ነገር ትዝ አለኝ። ምሳ ቀርቦ አልበላልሽ አለኝ። «ምን ሆነሽ ነው?» ብትለኝ ነገርኳት።

የተወለድኩት ከፈጣም ወንዝ ማዶ፣ በወምበርማ በኩል ነው። የተዳርኩት ደግሞ ከወንዙ ወዲህ፣ በቡሬ በኩል። ያኔ ጣሊያን ቡሬ ላይ መሽጓል። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንለው ከተማም ወጀት ነበር የሚባለው። ዕድሜዬ ዐሥራ ሦስት ቢሆን ነው። ባሌ ይሁኔ ሠርጋችን ዓመት ሳይሞላው ከአባቱ ጋር ጫካ ገባ፤ አባቱ በመጀመሪያው ክረምት ተመቱና እዚያው ቀሩ። ቤት ውስጥ የቀረነው አማቴና እኔ፣ ስድስት ከብትና አንዲት አሮጊት በቅሎ ነን። አማቴን «እሜቴ» ነበር የምላቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነገር የማይደግሙ ሴት ነበሩ።

የቤቱ ጽዳት የእኔ ነበር። ጎሕ ሲቀድ መጀመሪያ የምገባው ጋጣ ነው። ከብቱ የሚያድረው እኛው ቤት ውስጥ ነው፤ ከመደባችን የሚለየው አንድ የግንድ ርብራብ ብቻ። ያደረውን አዛባ በእጄ እዝቃለሁ፤ ለኩበት የሚሆነውን ለይቼ ጠፍጥፌ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፤ ሽንት የጠጣውን ገለባ በቅርጫት ተሸክሜ ጓሮ ጎመኑ ሥር እደፋለሁ። ከዚያ አመድ ማውጣት ነው። ከዚያ በጭፍርግ መጥረጊያ መጥረግ። በየሁለት ሳምንቱ ወለሉን በእበት እለቀልቃለሁ፤ ካልተለቀለቀ ቁንጫው አያስተኛም። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጎ ማጠብም አለ። ማታ ከብቱ ሲገባ እንደገና ያው ጋጣ። ክረምት ላይማ ጭቃውና አዛባው አይለይም። እጄን ምንም ብፈትገው ሽታው አይለቀኝም ነበር። እህል ወደ አፌ ሳስጠጋ ቀድሞ የሚደርሰኝ እሱ ነው።

ልብስ ማጠብ ግን የሴት ሥራ አልነበረም። ከተማ ያደገ ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም። በእኛ አገር ያኔ ልብስ የሚያጥበው ወንድ ነው። ወንዶቹ የቤተሰቡን ልብስ ጠቅልለው ወንዝ ይወርዳሉ፤ እንዶዱን ወቅጠው፣ ልብሱን ድንጋይ ላይ አድርገው በእግራቸው እየረገጡ ያጥባሉ። ሴት ይህን ስትሠራ ብትታይ ወንድ የሌላት ናት ይባላል። ወንዶቹ ጫካ ሲገቡ ግን የሰዉ ሁሉ ልብስ አደፈ፤ ቅማል ፈላ። መጀመሪያ አንዷ ወረደች፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ የመንደሩ ወጣት ሴት በሙሉ። እኔም ዓርብ ዓርብ እወርድ ጀመር።

እንግዲህ ያ ዓርብ ለእኔ ምን እንደነበረ ልናገር። የበጋ ፀሐይ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የእንዶዱ አረፋ በእግሬ ጣቶች መካከል ሲወጣ። ልብሱን እየረገጥን እንዘፍናለን፤ የጣሊያን አውሮፕላን ድምፅ ከሩቅ ከተሰማ ሣር ላይ የሰጣነውን ነጭ ጋቢ ሁሉ አፋፍሰን ቁጥቋጦ ውስጥ እንወሸቃለን፤ ሲያልፍ እንሳሳቃለን። ማታ ስመለስ እጄ ንጹሕ ነው። በሳምንት አንድ ቀን እንደ ሰው እሸታለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ማዶ እናቴ ትመጣ ነበር። ሌላ ልጅ የላትም። በበጋ ፈጣም ሲጎድል ከውሃው መካከል ድንጋዮች ብቅ ይላሉ፤ እሷ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ ተራምደን አንዱ ድንጋይ ላይ እንገናኛለን። በኑግ የተለወሰ ጭብጦ በጨርቅ ቋጥራ ታመጣልኛለች። መጀመሪያ የምትለኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እስቲ እጅሽን አሳይኝ።» አገላብጣ ታየውና ቅቤ ትቀባኛለች።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ልብሱን ጠቅልዬ ልወጣ ስል እሜቴ በር ላይ ቆሙ። ከጎናቸው ጎረቤታችን አያ ጣሰው አለ። አያ ጣሰው ሽማግሌ ነው፤ እግሩ ስለሚያነክስ ጫካ ያልገባ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው።

«ከዛሬ ጀምሮ ልብሱን የሚያጥበው አያ ጣሰው ነው» አሉ እሜቴ። «ስጪው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ቤት አለሽ።»

«ምነው፣ አላጠራሁም? አጎደልኩ?»

«የወንድ ሥራ ነው። ወንድ ተገኘ።»

አያ ጣሰው ጥቅሉን ተቀብሎ ሳቀ። «በአንድ ዳቦና በአንድ ዋንጫ ጠላ ነው የገዙኝ፣ አትጠገብ ልጄ። ይኸን እግሬን ውሃ ውስጥ ሲያየው ዓሣው ሁሉ አባይ ይገባል።»

እኔ አልሳቅኩም። «ዳቦ ከፍለው ሥራ የሚሰጡ ከሆነ ጋጣውን ይስጡት» አልኩ። «ከባዱ እሱ ነው። ልብሱ አልከበደኝም።»

«ጋጣ?» አለ አያ ጣሰው፤ ሳቁ ቆመ። «እኔ? የሴት ጋጣ?»

«እንግዲያው እናካፍለው። አንድ ዓርብ እሱ ይውረድ፣ አንድ ዓርብ እኔ። ፍርድ ይኸ ነው።»

እሜቴ ቅርጫቱን አንሥተው እጄ ላይ አደረጉና ገቡ።

ዝም ብሎ መውረድ አይቻልም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይቻልም። የልብስ ጥቅል የያዘች ሙሽራ ወንዝ ስትወርድ ሥራ ላይ ናት፤ ባዶ እጇን ከወረደች ኮብልላለች። ተከትለው ይመልሷታል፤ እናቷም በሽማግሌ ፊት ትዋረዳለች። ያ የቆሸሸ ጥቅል የይለፍ ወረቀቴ ነበር። እሱን ነው የቀሙኝ።

ዕልኸኛ ነኝ፤ ያኔም ነበርኩ። በማግስቱ ጋጣ አልገባም አልኩ። አመዱን አወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ ውሃ ቀዳሁ፤ ጋጣውን ግን አልነካሁም። እሜቴ አልጮሁም፣ አልመቱኝም። እሳቸውም አልነኩትም። በሁለተኛው ቀን ሽታው መደቡ ላይ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ጥጃዋ አዛባ ውስጥ ቆማ ሰኮናዋን እያነሣች ስትጥል አየሁ። ጥጃዋ ምን በደለች? እያለቀስኩ ገባሁና ዛቅኩ። እሜቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ነበር፤ ቀና ብለውም አላዩኝም።

ዓርብ ዓርብ አያ ጣሰው ሲመለስ መንገድ ላይ እጠብቀው ነበር።

«አያ ጣሰው፣ ማዶ ሰው አዩ?»

«ማዶ ዛፍ አለ። ዛፍ አየሁ።»

«ከዛፉ ሌላስ?»

«አንዲት ጦጣ። ከእኔ ይልቅ እሷ ልብስ ማጠብ ታውቃለች መሰለኝ፣ ትታዘበኛለች።»

በኋላ በኋላ ቀልዱ እያጠረ መጣ። ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ጀመር። እኔ ሥራው ቢሰለቸው ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ፈጣም ሞላ፤ ድንጋዮቹን ዋጣቸው፤ ማዶና ወዲህ ተቆራረጠ።

መስከረም ላይ ውሃው ሳይጎድል ወሬ ደረሰን። ማዶ ያለውን መንደራችንን ጣሊያን አርበኛ አስጠግታችኋል ብሎ አቃጥሎታል። መንደሩ የተቃጠለው ግን ሰዉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ነገሩን ቀድመው ሰምተው ገና ክረምቱ ሳይገባ ወደ አባይ ቆላ ወርደዋል። እናቴም ከወንድሟ ጋር ወርዳለች። ቆላው ለደጋ ሰው አይሆንም። ወባው ጥቅምትን አላስጨረሳትም። መርዶውን የነገሩኝ ጠዋት፣ ጋጣውን ሳልጨርስ ነበር።

ጣሊያን ወጣ። ይሁኔ ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዶ፣ ከሲታ ሆኖ ተመለሰ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል ተሰበሰበ፤ አያ ጣሰውም መጣ። ጠላውን ሳይቀምስ አስቀምጦ ወደ ጓሮ ጠራኝ።

«ሦስት ዓርብ መጥታ ነበር» አለኝ።

«ማን?»

«እናትሽ። ወደ ቆላ ልንወርድ ነው፣ ልሰናበታት አለችኝ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ለእሜቴሽ ነገርኳቸው፤ ለልጅቷ እንዳትነግር ብለው አስማሉኝ። እኔም ማልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ፣ ልጄ?»

ምን ልበለው? ሽማግሌ ሰው ቆሞ ሲያለቅስ ምን ይባላል? «ይግቡ፣ ጠላዎ ይሞቃል» አልኩት።

ያን ዕለት ማታውኑ ለምን እንደከለከሉኝ እሜቴን ጠየቅሁ። «የዚያን ጊዜ ጣሊያን ነበር፤ መንገዱ ያስፈራል» አሉኝ። ሌሎቹ ሴቶች ይወርዱ አልነበር? በሌላ ዓመት ስጠይቅ «አውሮፕላኑ» አሉኝ። በሌላ ዓመት «ያለፈ ነገር አትቆስቁሺ» አሉኝ። ልጅ ወለድኩ፣ ጠየቅኩ። ሌላ ወለድኩ፣ ጠየቅኩ። ይሁኔ «ተያቸው በቃ» ሲለኝ እሱንም ተቆጣሁት። ለምን ጥለሽ አልሄድሽም ለምትሉኝ፣ የምሄደው እናቴ ቤት ነበር፤ እሱ ደግሞ አመድ ሆኗል። ባሌን ወድጄዋለሁ። ቤቱም እየዋለ እያደረ የእኔ ሆነ። በደሉ ግን በደል ነው፤ ቤት ሲሞቅ አይቀልጥም።

ይኸን ሁሉ ለሕይወት ስነግራት ምሳው ቀዝቅዟል። ወረቀቷን ወደ ጎን አድርጋዋለች። የእሷ ዘመን ሌላ ነው፤ የምታግዛትም ሴት ደመወዟን ተነጋግራ፣ ወድዳ የምትመጣ ናት። እኔም ልጅቷን ልወቅስ አልነበረም። ሥራ ሲከፋፈል ግን ሰው ድካሙን ብቻ ነው የሚመዝነው። በዚያ ሥራ ውስጥ ማን ምን የሚሳሳለት ነገር እንዳለው አይጠይቅም። ይኸንኑ አልኳት።

«በመጨረሻስ?» አለችኝ። «ሳይነግሩሽ ሞቱ?»

አልሞቱም። ዓይናቸው ጠፍቶ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ የማጥባቸውም የማጎርሳቸውም እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ወተት በማንኪያ ሳጠጣቸው እንደ ልማዴ ጠየቅሁ፤ መልስ ጠብቄ አልነበረም። ማንኪያውን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ለልብሱ ሰው ይገኛል» አሉኝ። «አንድ ዳቦ ብሰጥ አያ ጣሰው ይመጣል፤ እሱ ቢታመም ሌላ ይመጣል። ለጋጣው ግን መንደሩን ዞሬ ለምኛለሁ። በዳቦም እንቢ፣ በእህልም እንቢ አሉኝ። እዚያ ጋጣ የገባሁት ከአንቺ ባነሰ ዕድሜ ነው፣ አትጠገብ፤ የወጣሁት አንቺ የመጣሽ ለት ነው። ወንዝ ላይ እንደምትገናኙ ሰምቼ ነበር፤ እናትሽን እያየሻት ከቆየሽ አንድ ቀን አብረሻት ትሄጃለሽ፤ አውቄዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ቅርጫቱን የማነሣው እኔ ነበርኩ። ደክሞኝ ነበር።»