«አንሺ» ያልኩበት መመሪያ

ዳማ የምንወድ ሰዎች በስልክ አንድ ቡድን አለን። ከሚዛን፣ ከቴፒ፣ ከሸኮ፣ ኔትወርክ ሲገኝም ከማጂ፣ ሰሌዳውን ፎቶ አንስተን እየላክን «እዚህ ጋ ምን ታደርግ ነበር?» እየተባባልን እንከራከራለን። እኔ ብዙ አልናገርም። ባለፈው ክረምት ግን ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ተቀምጬ መመሪያ ጻፍኩ፤ ጥቂት ቆርኪ ሲቀር አንዱን ሰጥቶ ሁለት እንዴት እንደሚበላ የሚያሳይ። እያንዳንዱን አካሄድ ሰሌዳ ላይ ደርድሬ ሳልሞክር አልጻፍኩም። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዲነበብልኝ።

አድሚኑ፣ ቴፒ ሱቅ ያለው ሰው፣ ከቡድኑ አናት ላይ ሰቀለልኝ። የመጀመሪያው አስተያየት ወዲያው መጣ።

«ይሄ ለሴቶች ብቻ ነው እንዴ?»

ገባኝ። «ቆርኪውን አንሺ፣ ወደ ጥግ ግፊው፣ ሲመጣ ብዪው» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ስጽፍ የማናግረው ራሴን ነው፤ ማንን «አንሳ» ልበል?

«እኔ አንሺ ስባል እጄ አይታዘዘኝም» አለ አንዱ። «ሚስቴ እንዳታነበው ደብቁልኝ፣ ልትበላኝ ነው» አለ ሌላው። ሳቁ ቀጠለ። ስለ አጨዋወቱ አንዲት ቃል የተነፈሰ የለም።

የሚያበግነኝ ምን መሰላችሁ? እዚህ አማርኛ ለብዙዎቻችን ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ገበያ መሀል ሚስቱን «አንተ ና» የሚል፣ አጎቱን «መጣሽ?» የሚል ሞልቷል፤ ዞሮ የሚያይም የለም። እኔም አፌን የፈታሁት በቤንችኛ ነው። ልጆቼን ካሳደግሁ በኋላ የማታ ትምህርት ስገባ፣ አንተና አንቺን እያምታታሁ ስንት ቀይ እስክሪብቶ ፈሶብኛል። ዛሬ አንዱንም ሳልስት ብጽፍ ቡድኑ በሙሉ የሰዋስው መምህር ሆኖ ቁጭ አለ!

አድሚኑ በግል ጻፈልኝ።

«እህቴ፣ ሥራሽ ቆንጆ ነው። ግን በአንተ አድርጊው። አንተ ለሁሉም ይሆናል።»

«አንቺስ ለምን ለሁሉም አይሆንም?»

«ኧረ ባክሽ! እንደ መማሪያ መጽሐፍ በእዝባር አድርጊዋ።»

ሞከርኩ፤ እውነቴን ነው። «አንሳ/ሺ፣ ግፋ/ፊ፣ ብላ/ዪ።» ገጹን ሳልጨርስ ዓይኔን አመመኝ። ያቺን ጭራ አውቃታለሁ፤ በየመጽሐፉ የእኔ ድርሻ ከእዝባሩ ወዲያ የተንጠለጠለችው ፊደል ነበረች። አጠፋሁትና በ«እርስዎ» ጀመርኩ። «ያንሱ፣ ይግፉ፣ ይብሉ።»

በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ባልደረባዬ የሆነችው ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆማ አንብባ ሳቀችብኝ።

«ይብሉ ይብሉ የምትዪው ሰርግ ጠርተሽ ነው? በቃ አንተ በያቸው። ምን ይጎድልብሻል?»

ምን ይጎድልብኛል! በፈተና ወረቀት «አንብብ» ስባል አንብቤአለሁ፣ «አስረዳ» ስባል አስረድቻለሁ። እጅሽ ታዘዘሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

በማግሥቱ ጠዋት አድሚኑ እንደገና ጻፈ። «እህቴ፣ ሰው እያጉረመረመ ነው። ካላስተካከልሽው ከላይ አወርደዋለሁ።»

ረጅም መልስ ጻፍኩ። አነበብኩት፤ ልመና ይመስላል። አጠፋሁትና አንዲት ቃል ብቻ ላክሁ፦ «አውርደው።» ይህችን በወንድ ነው የጻፍኳት። የማናግረው ወንድ ነው።

አወረደው። ቀኑን ሙሉ ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩ። ሥራ ስጨርስ ሳነሳው፣ በቡድኑ ውስጥ አንድም ቀን ተናግሮ የማያውቅ የሸኮ ሰው በግል ጽፎልኛል።

«ያ መመሪያ የት ገባ? ወደ ጥግ ግፊው የሚለው ጋ ደርሼ ነበር። ግን እኛ ሰፈር መብላት ግዴታ አይደለም። የሰጠሁትን አልበላም ቢለኝስ ምን ልሁን?»

ጥያቄውን ሁለቴ አነበብኩት። አልበላም ቢልስ? ያን ሁሉ ክረምት ስደረድር ይህን አላሰብኩም። አሁን ደግሞ በራሴ በገንኩ። መመሪያውን እንዳለ፣ ከነ«አንሺ»ው ላክሁለት፤ «ጠብቀኝ» አልኩትና ሰሌዳውን አወጣሁ።