ግድግዳውን ያላመኑት አጎቴ

አጎቴ በዚህ ክረምት አረፉ። እኛ ዘመዶቻቸው አያ እንላቸው ነበር። ማክሰኝት አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። በየመስከረሙ «ክፍሉ ዝግጁ ነው» ሲባሉ አያምኑም፤ ዴስኩን ሁሉ እየነቀነቁ፣ መስኮቱን እየገፉ ራሳቸው ካላዩ ልጅ አያስገቡም።

እኔም መምህርት ሆኜ እዚያው የተመደብሁ ዓመት፣ ርዕሰ መምህሩ አዲስ የተቀባውን ክፍል በኩራት አሳየን። አያ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆሙና ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ምነው እዚህ ጋ ብቻ ቀለሙ ወፈረ?»

«እርስዎ ደግሞ ሰው አያምኑም፣ መምህር!» አለ ርዕሰ መምህሩ ተቀይሞ።

«ሰውስ አምናለሁ። ግድግዳውን ነው ያላመንሁት።»

ልጆቹን ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አስቀምጠው ማስተማር ጀመሩ። በሳምንቱ ሰሌዳው ከነልስኑ ተገንድሶ ባዶው ክፍል ውስጥ ወደቀ። አያ ድምፁን ሲሰሙ ወደዚያ አልሮጡም፤ የልጆቹን ራስ አንድ በአንድ እየነኩ ዞሩ።

ዘንድሮ ያ ክፍል ለእኔ ተሰጠኝ። ዴስኩን ነቀነቅሁ፣ ግድግዳውን በመዳፌ ገፋሁ፣ ጣሪያውን አንጋጥጬ አየሁ፤ እንከን አጣሁበት። ልቤ ግን አላመነም። ስወጣ ልጆቹ በር ላይ ተሰልፈው «ቲቸር፣ እንግባ?» ሲሉኝ «ቆዩ» አልኋቸውና «ልጆቹ ይግቡ» የሚለኝ ሰው እንዳለ ዘወር ብዬ ግቢውን አየሁ። ማንም የለም። ቀድሜ ገባሁና ሰሌዳው ሥር ቆምሁ፤ ከዚያ «ግቡ» አልኋቸው።