ማሽኑ ሌሊት ያለው ጠዋት

ወደ አዋሳ የተላክሁት ለቀላል ሥራ ነበር። የትራክተር መለዋወጫ መጋዘን ለሚቆጣጠር ፕሮግራም፣ በትክክል መሥራቱን እንዲፈትሹ ያዘጋጀኋቸው የሙከራ ፋይሎች አዲስ አበባ ባለው የኮምፒዩተር ማሽን ላይ ሁሉም ሲያልፉ፣ ወደ አዋሳው ሲዛወሩ ግን አብዛኞቹ ወደቁ። ምክንያቱን አግኝቼ እንዳስተካክል ታዘዝኩ። በጥር ወር፣ ፋይሎቹ ያሉባቸውን ዲስኬቶች በሹራብ ጠቅልዬ በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ከሞጆ ታጥፈን ስንወርድ አቧራው በመስኮት ይገባ ጀመር። ኬላ ላይ አንድ ወታደር ዲስኬቶቹን ገልብጦ አየና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። «የሥራ ዕቃ ነው» ብዬ አለፍኩ። ዝዋይ ላይ ትኩስ ዓሣ ጥብስ በሎሚ በላን። ከሻሸመኔ በኋላ ሐይቁ ሲታይ ደስ ብሎኝ ነበር።

አዋሳ

አውቶቡስ ተራ ሊቀበለኝ የነበረው ዮሴፍ ነው፤ የማሽኑ ሠራተኛ፣ በስልክ ብቻ የማውቀው። የጠበቀችኝ ግን ሚስቱ ማርታ ናት።

«ዮሴፍ ታስሯል» አለችኝ፣ ሻንጣዬን ሳላወርድ። «በሰዓት እላፊ መጋዘን ገብቶ ጎማ ሰረቀ አሉ። ያን ሌሊት አጠገቤ ነበር የተኛው። የመሰከረበት ያንቺ ማሽን ነው።»



በማግስቱ

የመጋዘኑ ኃላፊ ጓድ ታደሰ ሸበቶ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ከማሽኑ የታተመውን ወረቀት ዘረጉልኝ። «ጎማዎቹ የወጡት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው ይላል። ዮሴፍ ግን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በደረሰኝ ነው ያወጣሁት ብሎ ድርቅ አለ። ማሽን ይዋሻል እንዴ?»

ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ሙከራዎቹ የወደቁበት ምክንያት ቶሎ ታየኝ። ሼል የምንለው፣ ትእዛዛችንን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ፕሮግራሞቹ የት እንዳሉ፣ ሰዓቱ የየትኛው አገር እንደሆነ ይነገረዋል። እዚህ ምንም የነገረው የለም። መገኛቸውን ስነግረው ሙከራዎቹ ተራ በተራ አለፉ። አንዱ ብቻ እንቢ አለ፤ ሰዓት የሚፈትሸው።

ሰዓቱን እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። ስክሪኑን አይቼ ወደ ኃላፊው ዞርኩ።

«ጓድ ታደሰ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

የግድግዳውን ሰዓት አዩ። «አምስት ሰዓት። ጠዋት።»

«ማሽኑ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው ይላል። እንደ እሱ ከሆነ እርስዎም እኔም ሰዓት እላፊ ጥሰናል።»

ቀርበው አዩ። «የማን ሰዓት ነው የሚቆጥረው?»

«ካልነገርነው የሠሪዎቹን አገር ነው። የአሜሪካን። ከእኛ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው።»

ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ሌሎቹን ምዝገባዎች አተምኩላቸው፤ እንደ ማሽኑ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ ሌሊት ሲሠራ ያድር ነበር። የዮሴፍን መስመር ብቻ እንጂ ሌላውን ማንም አላየም።

የአገራችንን ሰዓት በፕሮግራሙም በሙከራዎቹም ውስጥ ጻፍኩ። ኃላፊው ወረቀቶቹን ይዘው ራሳቸው ወደ እስር ቤቱ ሄዱ፤ ዮሴፍ ግን እስኪለቀቅ ቀናት ፈጀ።

ሲወጣ ከስቶ ሱሪው ወገቡ ላይ አይቆምም ነበር። ማርታ እጁን ይዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ መብያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወሰደችን፤ ዓሣ አዘዘች። እሱ አልበላም።

«ደጋግመው ሲነግሩኝ፣» አለኝ ሐይቁን እያየ፣ «ምናልባት በእንቅልፍ ልቤ ሄጄ ይሆን ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ።»

ማርታ ፊቷን አዞረች።

መልስ

አዲስ አበባ እንደገባሁ ፕሮግራሙ ሳይታረም ጅማም መላኩን አወቅሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ለማሽን ያልነገርነውን እሱ በራሱ ግምት እንደሚሞላውና ሰዎችም ግምቱን እንደ እውነት እንደሚቀበሉት ነው። ሻንጣዬን ሳልፈታ ቢሮ ሄጄ ጅማ ደወልኩ።

«የማሽኑ ሠራተኛ አለ?»

«አለሁ፣ እኔ ነኝ። ማን ልበል?»

መነጋገሪያውን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ሃሎ? ምን ነበር?»

«ደህና ነህ?» አልኩት።