ወተቱ የገነፈለበት ቤት

ወተት ገንፍሎ ምድጃ ላይ ሲያርር የሚወጣው ሽታ ዛሬም ባልጠበቅሁት ሰዓት ይመጣብኛል፤ ተነስቼ ምድጃዬን አያለሁ፣ ምንም አልተጣደበትም፤ ሽታው ሞንትቤሎ ሰፈር ተከራይተን ከነበረው ቤት፣ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ የመጣ መሆኑን አውቅና ተመልሼ ቁጭ እላለሁ።

በዚያ ዓመት የበረዶ ወራት አባቴ ታክሲ መንዳቱን አቁሞ የጓሮውን አጥር በሚያየው መኝታ ክፍል ታሞ ተኝቶ ነበር። ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ በሦስት ዓመት ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር እማር ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ የተማርኩትን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እልና አነብለት ነበር። ስሳሳት አይቆጣም፣ ጣቱን ብቻ ብድግ አድርጎ «ከላይ ጀምሪ» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገጹን ካጋመስኩ በኋላ ጣቱ አልተነሳም። አለመሳሳቴ መስሎኝ፣ ደስ እያለኝ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ከቀብሩ በኋላ፣ በረዶው ሲቀልጥ እኔና እማዬ ቤቱን ለአከራያችን ለቀን ሃቫና ስትሪት አጠገብ ወዳለ አፓርትመንት ገባን። አልጋው፣ ድስቱ፣ የአባቴ ጃኬት ሳይቀር ተጭኖ ሲያልቅ፣ አባቴ ራሱ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ የቀረ መሰለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ላይብረሪ እሄዳለሁ ብዬ በአውቶቡስ ወደ ድሮው ቤት እመጣና ከአጥሩ ውጭ ቆሜ መስኮቱን እመለከት ነበር፤ መጋረጃ የሌለው ባዶ መስኮት ነበር፣ እኔ ግን እስካሁን እያዳመጠኝ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ።

አከራያችን ቤቱን ሲሸጥ የገዛችው ከእማዬ ጋር ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ፣ የምትሠራው ሳርላ ነበረች፤ ህንዳዊት ናት፣ ለአባቴ ለቅሶም መጥታ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ከእናቴ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ውላለች። እማዬ «ሰው የሞተበት ቤት አይከብድሽም?» ብትላት፣ «ሲስተር፣ እኔና አንቺ የምንሠራው ታዲያ የት ነው?» ብላ ከስንት ጊዜ በኋላ አሳቀቻት።

ሰኔ ላይ ትምህርት እንደተዘጋ ሳርላ ለቤት መግቢያው ሥርዓት እንድናግዛት ጠራችን። ሐሙስ ሙሉ ቀን ስንሠራ ዋልን፤ እማዬ ወለሉን አጠበች፣ «ባ» የሚሏቸው የሳርላ አማት በረንዳው ላይ በሩዝ ዱቄት አበባ ሣሉ፣ ሳርላ ወንበር ላይ ወጥታ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ ሻወር ካፕ አለበሰችው፣ እኔ ደግሞ በር ላይ የሚንጠለጠለውን የማንጎ ቅጠል በመርፌና ክር ስሰካ ቆየሁ፤ ቅጠሎቹን በቁመታቸው አስተካክዬ ስለደረደርኩ ባ ጉንጬን ቆነጠጡኝ።

«ነገ ወተቱ ሲገነፍል የጸሎቱ እሳት ይለኮሳል» አለች ሳርላ፣ «ከዚያ ቄሳችን ውሃ እየረጩ በየክፍሉ ይዞራሉ። ከበፊት ሰው የቀረ ነገር ካለ ሁሉም ይወጣል።»

«የት ይሄዳል?» አልኳት።

«መሄድ ወዳለበት» አለችና ወደ ሻወር ካፗ ተመለሰች።

መርፌው ጣቴን የወጋኝ ያኔ ነው።

ዓርብ ጠዋት ቄሱ ሰዓታቸውን ደጋግመው እያዩ ነበር፤ ለሥርዓቱ የተመረጠው ጊዜ አጭር ነው፣ ካለፈ ሌላ ቀን መፈለግ ነው። አዲስ ድስት ውስጥ ወተት ተጣደ። ወተቱ ሆን ተብሎ እስኪገነፍል ይጠበቃል፤ ሞልቶ ሲፈስ ቤቱም እንዲሁ ይሞላል ይላሉ። እኔ ከምድጃው አጠገብ ቆሜ እንድጠብቅ ታዘዝኩ። ወተቱ ዳር ዳሩን አረፋ ያዘ፣ ቆዳው ተነፋ፣ ወደ አፉ ወጣ፣ ሳርላ እጆቿን አጋጥማ ጠጋ አለች፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጋዙን አጠፋሁት።

ወተቱ ተመልሶ ወረደ። ቄሱ ከሳሎን አንገታቸውን አስግገው አዩን።

እማዬ ቀድማ እጇን እጄ ላይ ደረበች። «ውይ ሳርላ፣ ይቅርታ! እኔ ነኝ፤ ወተት ሲነሳ ሳይ እጄ ዝም አይልልኝም። እኛ ቤት ወተት ያስገነፈለች ልጅ ጭኗን ነበር የምትቆነጠጠው!»

ሳርላ ለባ ስትተረጉምላቸው አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። በሳቁ መሀል እማዬ ጆሮዬ ሥር «ምን ሆነሻል?» አለችኝ።

«አባዬን ሊያስወጡት ነው።»

እንደምትቆጣ ጠበቅሁ። እሷ ግን ድስቱን አየች።

«እኛ እኮ ሄደናል» አለች። «እዚህ ብቻውን ምን ያደርጋል?»

እጇን አነሳች። የእኔ እጅ ብቻ ማብሪያው ላይ ቀረ። ሳርላም፣ ባም፣ ቄሱም ይጠብቃሉ። አበራሁት። ወተቱ በዚህኛው ጊዜ ፈጥኖ ተነሳና በአራቱም በኩል እየወረደ እሳቱ ላይ ቸስ አለ፤ ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ እኔ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው አይኔን ጨፈንኩ።

ቄሱ የሚጤሰውን ዕጣንና ውሃውን ይዘው አባቴ ተኝቶበት ወደነበረው ክፍል ሲገቡ ደፍ ላይ ቆሜ ነበር። ግድግዳው ላይ ውሃ ረጩ፣ መስኮቱን ከፈቱት፤ ጭሱ እየተጎተተ በአጥሩ ላይ አልፎ ሄደ። የምሰናበትበት ቃል ስፈልግ ጭሱ አለቀ። ባ በወተቱ የሠሩትን ጣፋጭ ሩዝ ሲያቀርቡልን እማዬ «ዓርብ ነው፣ ነገ እበላዋለሁ» ብላ በላስቲክ ዕቃ አስቋጠረች፤ በመመለሻችን መኪናው ውስጥ እኔ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ።

አሁን የምኖረው ቀለሙ ሳይደርቅ በገባሁበት፣ ከእኔ በፊት ማንም ባልኖረበት ቤት ነው። ያኔ በአንድ ክፍል ደፍ ላይ ትንፋሼን ውጬ ቆሜ ነበር፤ አሁን በየክፍሉ መብራት ሳላበራ እዞራለሁ፣ አንድም የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ሁሉ ሰላም ያለበት ቤት ነው ይሉኛል። እኔም አዎ እላቸዋለሁ፤ ሲሄዱም ከኋላቸው የሚገባ ያለ ይመስል በሩን ቶሎ አልዘጋውም።